የቢራራ ሸሚዝ

የሥራ ጓደኛውን የሰደበው ቢራራ ነው፤ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ በምሳ ሰዓት። «አንተማ ጣራ ደግፈህ የቆምክ ምሰሶ ነህ!» ብሎ የፋብሪካውን ሴቶች አሳቀበት።

ኋላ ፋብሪካው ማን እንደሠራ፣ ማን እንደቆመ የሚመዘግብ ባለ ሴንሰር ሸሚዝ ሠራተኞቹን ሁሉ አለበሳቸው። የተሰዳቢው ሸሚዝ እናቱን ሊቀብር የሄደ ዕለት እንኳ «ሲሠራ ዋለ» ብሎለታል። በዚህ ሞኝ ጨርቅ ሊበቀል ቆረጠ። ከቢራራ ሸሚዝ ብብት ሥር እንቅስቃሴ የምትለካዋን ቀጭን ክር በምላጭ በጥሶ ኪሱ ከተታት።

ቢራራ «ቆሞ ይውላል» ተብሎ ተባረረ። ያን ቀን ማታ በር ላይ ቢራራ ትከሻውን ያዘው።

«እኔስ ሌላ ሥራ አላጣም፤ የጨነቀኝ ያንተ ነው። እናትህን ልትቀብር የሄድክ ዕለት ሸሚዝህን ከኔው ላይ ደርቤ ሠርቼልህ ነበር። ከእንግዲህ ለቅሶ ቢገጥምህ ማን ይለብስልሃል?»

ክሯን ኪሱ ውስጥ እንደጨበጠ ሄደ።