ለመንገድ የምትሰጠኝ ኪኒን

«ውጣ እንጂ!» እላለሁ ክንዴን። በፀጉር መያዣዬ ጫፍ እየፋቅሁት ነው። መስመር መስመር ሆኖ ይቀላል፣ ከዚያ ዓይኔ እያየ ይጠፋል። ማታ ሳልነካው እንደ ንብ ንድፊያ የሚያብጠው ገላ፣ ዛሬ ሐኪም ፊት ልቀርብ ስል የሙሽራ ገላ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ባሌ እሱባለው እጄን ይይዛል። «ተይ፣ ሰው ያያል።»

ሰው ያያል ማለት ይወዳል። ከየቡ ከተማ ሚኒባስ ከተሳፈርን ጀምሮ የተናገረኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ዋናውንማ ትናንት ጨርሶታል፤ የጅማው ሐኪምም ምንም የለባትም ካለ፣ ልጃችንን ናርዲን ጡት አስጥለን ለእናቱ እንሰጥና እኔ እስኪሻለኝ ጠበል እገባለሁ። ናርዲ ገና መዳህ መጀመሯ ነው።

ስሜ ይጠራል።

ዶክተር ፋሂም ክንዴን ያገላብጣል፣ ጀርባዬን ያያል፣ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ከዚህ በፊት ያዩኝ ሐኪሞች ሁሉ እንዲሁ ካገላበጡኝ በኋላ «ጭንቀት ይሆናል» ብለው ሸኝተውኛል።

«ማሎ ዶክተር፣ እባክዎ ይመኑኝ፣ አልዋሸሁም!» ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ እንደሚሰማ አውቃለሁ፣ ይሰማ። «ማታ ነው የሚብስብኝ። ሆዴ፣ ጭኔ፣ ከንፈሬ ሳይቀር ያብጣል። አንዱ ጋ ሲጠፋ ሌላው ጋ ይወጣል። ከክረምት በፊት ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እንቁላል ተዪ አሉኝ፣ ተውኩ። ወተትም በርበሬም ተውኩ። አቧራው ነው ሲሉኝ ቡና ለቀማውንም ተውኩ። ድንች ብቻ እየበላሁ ያብጣል። አብጄም ከሆነ ይንገሩኝ፣ ልጄን ሳይወስዱብኝ ልወቀው!»

እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል። እሱባለው ጣሪያውን ያያል።

«ትንፋሽ ያጥርሻል?»

«የለም።»

«ዛሬ ምን መድኃኒት ወስደሻል?»

እሱባለው ይቀድመኛል። «የአለርጂ ኪኒን ሰጥቻታለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ፊት እንዳታክ ብዬ ነው። ሐኪም ዘንድ በመጣን ቁጥር ለመንገድ እሰጣታለሁ።»

«በሌላ ቀንስ?»

«አይ፣ በሌላ ቀን አልሰጣትም። ማስታገሻ አይደለች? ልማድ እንዳይሆንባት ብዬ። ደግሞ ታጠባለች።»

ዶክተሩ ግንባሩን ይይዛል። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ይስባል።

«እህቴ፣ አንቺ እኮ በመጣሽ ቁጥር በዚያች ኪኒን ታክመሽ ነው የምትመጪው። እኛ ምን እናግኝ? አብጦ በሰዓታት ውስጥ ምልክት ሳይተው መጥፋቱ፣ ሌላ ቦታ መውጣቱ፣ በሽታው ራሱ እንዲህ ነው። ይሄን ያህል ወር የቆየ ሲሆን መነሻው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ምግብሽን ብዪ። ለልጅሽም አይተላለፍም።»

«መድኃኒቱስ?»

«ማስታገሻ ያላችኋት እሷው ናት መድኃኒቱ። በየቀኑ ትውጫታለሽ፣ ገላሽ ንጹሕ በሆነበት ቀንም። ካላቆመልሽ ትመጫለሽ፣ መጠኑን እኔ እጨምርልሻለሁ።»

«ጡቱስ?»

«አጥቢ። እንዳታቋርጪ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ወደ እሱባለው ዞሬ የኮቱን የደረት ኪስ አያለሁ። የኪኒኑ ማሸጊያ ጫፉ ብቅ ብሎ ያብለጨልጫል። ይህ ኮት ማታ ማታ ከአልጋችን ራስጌ ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። እሱ ያንኮራፋል፣ እኔ ናርዲን እንዳልቀሰቅስ ነጠላዬን ነክሼ ሥሩ ሳክ አድራለሁ። ለሰው ዓይን የተሰጠኝ ለሌሊቴ ተነፈገኝ። በዚህች ደቂቃ ጠላሁት።

እጄን እዘረጋለታለሁ።

«አዲስ ይጽፍልሻል እኮ» ይላል ቀስ ብሎ።

እጄን አላጥፍም። «እሱን ስጠኝ።»

ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። እሱባለው እጁን ኪሱ ከትቶ ማሸጊያውን ያወጣል፣ መዳፌ ላይ ያስቀምጠዋል። በደረቱ ሙቀት ሞቋል።