አምስቱ ማማዎች የሚታዩበት ቦታ

ሰውየው ምሽጉ በር ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልከረረችም። ከአውቶቡሱ የወረደው እሱ ብቻ ነበር። ያደረበት ሆቴል አስተናጋጅ ቁርስ ሲያቀርብለት «ሰው ይጠብቃሉ?» ብሎ ጠይቆ፣ እንደማይጠብቅ ሲሰማ ትርፉን ወንበር አንስቶ ወስዶበታል።

ቦርሳው ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። የምሽጉ አምስት ማማዎች አንዱ ሌላውን ሳይከልል ባንድነት የሚታዩበት ብቸኛ ፎቶ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የአንድ መጽሐፍ ሽፋን ሆኖ ወጣና የአንዱን ሰው ኑሮ ሲያቃና የሌላውን ገደል ከተተው። አንዱ አነሳው፤ ሌላው ስሙን ጻፈበት። ሰኞ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ሁለቱን በየተራ አስገብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ የት ቆመህ አነሳኸው? መልሱ የጠፋበት ሌባ ተብሎ ይወጣል።

ሰውየው ደግሞ ቦታውን እንኳን ለኮሚቴ ለራሱም መንገር አልቻለም። ሠላሳ ዓመት ቀልድ አይደለም።

ከዚያ ፎቶ ወዲህ ባሕር እየተሻገረ ያላያቸው ምሽጎች ጥቂት ናቸው። በረሃ ያሉትን፣ ደሴት ላይ ያሉትን፣ በረዶ የዋጣቸውን ሁሉ አንስቶ የሳሎኑን ግድግዳ ሞልቷል። አንዱም ያንን አላከለም። ሚስቱ ጥላው ከመሄዷ በፊት «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሰው ያለበት ፎቶ አንሳ» ትለው ነበር።

ከኮረብታው ላይ ሞከረ፤ ሦስት ማማ። ከወንዙ ዳር ሞከረ፤ አራት። ላቡን እየጠረገ ተመለሰና በር ላይ ለተቀመጠው ሽማግሌ ዘበኛ ፎቶውን ዘረጋለት።

«አባቴ፣ ይሄ ከየት እንደተነሳ ያውቃሉ?»

ዘበኛው ፎቶውን አየ። ሰውየውን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«መጣህ! አንተ ውሸታም፣ በወሩ እመለሳለሁ ብለህ ሠላሳ ዓመት?»

ሰውየው እንደታቀፈ ቆመ። ሰው ካቀፈው ቆይቷል።

«ምነው እንዲህ አረጀህ? ከኔ ብሰህ ቁጭ! ደሞ ዛሬ አባቴ ሆንኩ? ጋሼ አልነበር የምትለኝ?»

«ዘመኑ ነው» አለ ሰውየው። «ቦታውን እስቲ ያሳዩኝ።»

«ጠፋህ? አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እኔ ክፍል እያደርክ፣ ደመናውን ስትራገም ከርመህ?»

ዘበኛው እየሳቀ ከግንቡ ውጭ ቁልቁል ወሰደው። ድሮ ለወታደሮቹ ዳቦ የሚጋገርበት ቤት ፈራርሶ፣ የምድጃው ጭስ መውጫ ብቻ ቆሟል።

«እዚህ ውስጥ ገብተህ፣ አናትህንና ካሜራህን ብቻ ብቅ አድርገህ ነው። ጥላሸት መስለህ ስትወጣ በሳቅ ገደልከኝ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሞከረ። ትከሻው አላለፈም። ወጣና ሁሉንም ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ምድጃውን፣ ጥላሸቱን፣ አሥራ አንዱን ቀን።

«ምን ይጻፋል ይሄ?»

«ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ የሚል ሌላ ሰው አለ። ሰኞ ኮሚቴ ፊት እንቀርባለን።»

ዘበኛው ምራቁን እንትፍ አለ። «የሰው ላብ የሚበላ! ልምጣና ልመስክርልህ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ እነግረዋለሁ።»

«መንገዱ ሩቅ ነው። አይድከሙ።»

«ምን ሥራ አለኝ ብለህ ነው? አምሽቼ ብገባ የት ነበርክ የሚለኝ የለ።»

«አይድከሙ አልኩ እኮ» አለ ሰውየው፣ ዓይኑን ወደ አውቶቡሱ ልኮ።

አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ዘበኛው መንገዱ መሀል ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ ይታይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የኮሚቴው ሰብሳቢ ከመቀመጫው ተነስቶ ጨበጠውና «ፕሮፌሰር፣ ተማሪዎ የነበረው ከሳሽ ውጭ ተራውን እየጠበቀ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ስለሆነ ግን ከእርስዎ እንጀምር» አለው።