የሰማይ አመል

የአየር ንብረት ባለሙያዋ አሪየት መንደሯን ከባሮ ወንዝ ዳር አስነሥታ ወደ ኮረብታው ያወጣችው ከዓመታት በፊት ነበር። የመጪውን ዘመን ሙቀትና ዝናብ የሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል «በጎርፍ ይዋጣል» ያለው መንደር ሁሉ እንዲነሣ ሕግ ወጥቶ ነበር።

«ዝናብ የዕለት ነው፤ የአየር ንብረት ግን የሰማይ አመል ነው» አለቻቸው ያኔ ለመንደሩ ሰዎች። «ምድርን ሁለቴ ልንሞክራት ስለማንችል በኮምፒውተር እንሞክራታለን።»

እናቷ አባንግ ግን የባሏን መቃብር ጥሎ መሄዱ አልዋጥላት ብሎ አኩርፋት ኖረች።

ዛሬ ጠዋት ጎርፉ መጣ። ከኮረብታው ላይ ሲያዩት፣ ከአሮጌው መንደር የቀረው የማንጎ ዛፎች ጫፍ ብቻ ነበር። መቃብሩም ሄዷል። አባንግ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ከዚያም የልጇን እጅ ያዘች።

«የባሮ ዘር ሆነው፣ ኮረብታ ላይ አድገው ልጆችሽ ዋና አለመቻላቸው ያሳፍረኝ ነበር» አለቻት። «ተመስገን፣ ልጄ። ዛሬ ሳይዋኙ ተረፉ።»