ከእድር የተሰረዘ ስም

ቤዚ ያስቆመችው ወርሃዊ ክፍያ የአባቷ የእድር መዋጮ ነበር። የባንክ መግለጫውን ስትፈትሽ በየወሩ ልዑልሰገድ ለሚባል የማታውቀው ሰው ብር ሲቆረጥ አየች፤ አጭበርባሪ መስሏት ማንንም ሳትጠይቅ በአባቷ ስልክ ሰረዘችው። ሰውየው የእድሩ ገንዘብ ያዥ መሆናቸውን ያወቀችው ዛሬ ራሳቸው ደውለው የአባቷ ስም ከመዝገብ መውጣቱን ሲነግሯት ነው።

«ውዝፉን አሁኑኑ ልላክልዎት» አለች።

«በደንቡ እንደ አዲስ ነው የሚመዘገበው፣ ልጄ። ታሟል ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? አልጋ የያዘ ሰው አንመዘግብም እኮ።»

ሐኪሞቹ አባቷን ወደ ቤት ከመለሱት ወዲህ ያለ ድጋፍ ቆሞ አያውቅም። እድር ከሌለ ድንኳኑን ማን ይተክላል፣ ማንስ ይቀብረዋል? የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋው ስለነበር አባቷ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

«መጣ በያቸው» አላት። «ጫማዬን አምጪ።»

«አባዬ፣ በዚህ ፀሐይ የት ልትደርስ?»

«ደህና መሆኔን ሊያዩ አይደል የፈለጉት? ይዩኛ።»

ያበጠው እግሩ አልገባ ሲል የጫማውን ክር ጨርሳ ፈታችለት። እሱ ጉንጮቹን በመዳፉ እየፈተገ ትንሽ ደም አመጣባቸው። ክንዱን ስትይዘው አስለቀቃት።

«ልጁ ደግፋው የመጣ ሰው ማን ይመዘግባል? አንቺ እዚሁ ቅሪ።»

ግድግዳውን ይዞ እስከ በሩ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ግድግዳውን ለቀቀና ወገቡን አቃና፤ ከዚያ ወጥቶ በሩን ከውጭ ዘጋው።