ጥቅምት በፕራግ

በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ባሕር ልትሻገር ነው። ፕራግ የሚኖረው ወንድሟ ምንያህል፣ አሮጌውን የድንጋይ ድልድይ በጥቅምት፣ ቅጠል ሲረግፍ ማየት አለብሽ እያለ ሲያጓጓት ኖሯል። ክረምት ላይ ልቧን ከታከመች ወዲህ ግን ጠባዩ ተለወጠባት። መደወል ትቶ መልእክት ብቻ ይጽፋል፤ ስትደውልለት ስልኩ ዝግ ነው፤ ጉዞውን ስታነሳበት ደግሞ «ብርዱን አትችይውም፣ ለፋሲካ ይሁን» ይላታል።

ድንገት ሄዳ በሩን ልታንኳኳበት ፈልጋ ቲኬቱን ሳትነግረው ቆረጠች። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ሻንጣውን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ?»

«ሐኪሙ ከድንጋጤ ተጠበቂ ብሎሽ የለ? ብቻሽን የት ትሄጃለሽ?»

«ምን ብቻዬን! ምንያህል አለልኝ አይደል እንዴ?»

እህቷ ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ትንሽ ቆይቶ ከምንያህል መልእክት መጣ፦ «ቲኬት ቆረጥሽ እንዴ? በእናትሽ፣ መልሺው።»

ማን ነገረው? ደወለችለት።

ስልኩ ጓዳ ውስጥ ጠራ። ክረምቱን ሙሉ ታምቆ የከረመው የእህቷ ለቅሶም ተከትሎት ወጣ።