አደራ እንዳትገድይኝ

ሠርከአዲስ ያን ቀን ጠዋት ብዙነህን ገደለችው። ምዕራፍ አሥራ ሰባትን ለቴሌግራም አንባቢዎቿ «ላክ» ብላ ስልኩን በደረቱ ደፋችውና ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።

ብዙነህ «ሰነቴ ላይ የቀረው ቀለበት» የተባለው አዲሱ መጽሐፏ ውስጥ ያለ ሹፌር ነው፤ መልከ መልካም፣ ምስጢሩ የማይታወቅ፣ ሴት የሚያሳብድ። ስሙን ያገኘው ከደራሲዋ ባል ነው። እውነተኛው ብዙነህም አይሱዙ ይነዳል፤ አንገቱ ከምትባለው ከተማ ወደ ጎባ ቡና ያመላልሳል። ምስጢር ግን የለውም፤ ያለው ማንኮራፋት ነው።

ይህ ሰው ለሥራ በወጣ ቁጥር በር ላይ ዞር ብሎ «አደራ እንዳትገድይኝ» ይላታል። ከትናንት ወዲያም ብሏታል። «እንደ ጠባይህ ነው» ብላ ሸኘችው። በአንገቱ መንገድ ጫካ ውስጥ ከገባ ስልኩ ስለማይሠራ ዝምታው አላሳሰባትም።

ጎባ ደግሞ ልብ ወለዱን ከኑሮው መለየት ከተወች ቆይታለች። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ሹፌሩ ሆስፒታል የገባ ጊዜ አንዲት አንባቢ ብርቱካን ይዛ ከሮቤ ድረስ ልትጠይቀው መጥታለች። በሩን የከፈተላት ራሱ ብዙነህ ነበር። እያሳለ ተቀበላት፤ ብርቱካኑንም በላ።

ወደ እኩለ ቀን ግድም የባሏ እህት ሩሃማ ሳትደውል ከሮቤ መጣች።

«ምን እግር ጣለሽ?»

«ዝም ብዬ። ናፍቀሽኝ ነው።»

ሩሃማ እሷን ናፍቃ አታውቅም። ዓይኗ ቀልቷል።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«የመንገዱ አቧራ ነው። የኔ ስልክ ኢንተርኔት እምቢ ብሎኛል፤ እስቲ ያንቺን አውሺኝ።»

ተቀበለችና ሳትነካካው ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው። አልመለሰችውም። ምሳ ሲቀርብ አልበላም አለች። ሠርከአዲስ ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ ተከትላት በሩ ላይ ቆመች።

ይሄኔ ነው ነገሩ የከበዳት። ነጠላዋን አነሳችና ወደ ውጭው በር ሄደች። እዚያ ደግሞ ጎረቤቷ ሃጂራ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በገበያ ቀን ሱቋን ዘግታ!

«ወዴት ነው?» አለች ሃጂራ።

«ካርድ ልገዛ።»

«እኔ አመጣልሻለሁ። አንቺ ግቢ።»

«ሃጂራ፣ ምን ሆናችኋል?»

«ዋላሂ ምንም። አብሽሪ፣ ግቢ።»

አዲስ ምዕራፍ በወጣ ቁጥር ቀድማ መጥታ የምትጨቃጨቃት ሃጂራ ናት። ዛሬ ስለ መጽሐፉ ትንፍሽ አላለችም፤ መሬት መሬት ነው የምታየው።

ሠርከአዲስ ተመልሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የገዛ ቤቷ እስር ቤት ሆኖባታል። የፍቅርና የሴራ መጽሐፍ ስትጽፍ የኖረች ሰው ናትና ታሪኩን ለመገጣጠም ጊዜ አልፈጀባትም። ስልክ ተወሰደ፤ በር ተጠበቀ፤ የባል ዘመድ ሳይጠራ መጣ። እንዲህ የሚሆነው ባል ሌላ ሴት ይዞ ሲገኝ ነው። አንገቱ ከተማ አብሯት የሚያድር ሴት አለች ማለት ነው። ምናልባትም ልጅ ወልዳለታለች። ሽማግሌ እስኪመጣ እሷን ይጠብቋታል።

ለአንባቢ ስንት ፍቅር ፈጥራለች፤ ለራሷ ያላት ግን ያ የሚያንኮራፋ ሰውዬ ብቻ ነው። እሱን ካጣች ምን ቀራት? ተነስታ ሳሎን ገባች።

«ሩሃማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሴት ይዟል አይደል?»

«ምነው ሴት ብቻ በሆነ!» አለችና ሩሃማ አፏን በእጇ ያዘች።

ሠርከአዲስ ወደ መስኮቱ ሄደች። በሃጂራ ግቢ ውስጥ ጋቢ የለበሱ ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ሁለት ጎረምሶች የዕድሩን ድንኳን ብረት ከጋሪ ያወርዳሉ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ አምባዬ መሐላቸው ቆመዋል።

መርዶ ነው። ባለቤቱ ሳይሰማ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ሲነጋጋ በሩ ይንኳኳል። ስንቱን ሰው እሷም እንዲህ ደብቃ አርድታለች።

ብዙነህ።

መስኮቱን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ምዕራፍ አሥራ ሰባት! ብርቱካን ይዞ የመጣ አገር ድንኳን ይዞ አይመጣም? እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ። እየሮጠች ወጣችና በአጥሩ ላይ ተጣራች።

«ጋሽ አምባዬ! ይምጡ እንጂ፣ ምን ያደባብቅዎታል? ብዙነህ ሞተ ብላችሁ ነው አይደል?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ሰዉ ተከተላቸው።

«ማን ነገረሽ፣ ልጄ?»

«ማን ይነግረኛል? እኔው ነኝ የገደልኩት!»

ሩሃማ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሃጂራ «ያ ረቢ!» ብላ ከወገቧ አቀፈቻት። ሠርከአዲስ ባስረዳች ቁጥር ለቅሶው ባሰ።

«ልብ ወለድ ነው እኮ! ሃጂራ፣ አንቺ እንኳ? ስልኬን አምጡልኝና ላሳያችሁ። እሱ ሲመጣ ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሚስቅ!»

ጋሽ አምባዬ ሩሃማን በዓይናቸው ጠቀሷት። ስልኩ ከደረቷ ወጣ። ሠርከአዲስ እየሳቀች ቴሌግራሙን ከፈተች፤ ምዕራፉን ፈልጋ ለሁሉም እንዲታይ ወደ ሰዉ ልታዞረው ስትል ዓይኗ ከጽሑፉ ግርጌ ላይ ቀረ።

ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ ሲጠብቅ የዋለው ምዕራፍ ገና አልተላከም፤ ያነበበው አንድም ሰው አልነበረም።