ከጓሮዋ ዝግባ ሥር

ይድነቃቸው የደን ሥነ-ሕይወት ኮርሱን በሁለት ነጥብ ወደቀ። ኮሌጁ ደግሞ የወደቀን ተማሪ የሚያሰናብተው፣ ኮርሱን በዚያ ክፍል ካያቸውና ካወቃቸው ሰዎች ትዝታ ሁሉ ጋር ከጭንቅላቱ አውጥቶ ነው። እሱን ምንም አላመመውም። እንዲያውም ቀለል ብሎት ነበር የእናቱን በር ያንኳኳው።

እናቱ ወይዘሮ ዘርፌ አገላብጠው ሳሙትና ከኋላው መንገዱን አዩ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ተቀድቷል።

«ሲፈንስ?»

«ማን?»

«አትቀልድብኝ እንጂ። ክፍላችን ውስጥ አንደኛ ናት ብለህ ያመጣሃት ልጅ ናታ። ዝግባዋን አብራችሁ ተክላችሁ፣ ሠርጋችን ከሥሯ ነው አላላችሁኝም?»

ጓሮ ወጣ። ጉልበቱ ላይ የምትደርስ ችግኝ ቆማለች። ቅጠሏን ዳሰሰው፤ የምን ዛፍ እንደሆነች እንኳ እናቱ ባይነግሩት አያውቅም ነበር። የታሰረባት ካርድ ላይ ያለው ግን የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፦ «ከሲፈን ጋር። በየማለዳው አንድ ጣሳ ውሃ።»

ወይዘሮ ዘርፌ ሦስተኛውን ብርጭቆ እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ፊቱን አይተው መውደቁና መርሳቱ ገባቸው።

«እሷስ ልጄ፣ ፈተናውን አልፋ ይሆን?» አሉ ቀስ ብለው።

ይድነቃቸው ካርዱን እንደገና አነበበው። ካለፈች ታስታውሰዋለች፤ ከወደቀች እሷም ረስታዋለች። ለማያውቃት ልጅ ማለፍን ይመኝላት ወይስ መውደቅን፣ ግራ ገባው።